የአባቴ እጆችና ሁለቱ አልኮሎች

ታኅሣሥ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አባቴ ለብሰው የጨረሱትን ልብሰ ተክህኖ አውልቀው ሳይቀድሱ ወደ ቤት ተመለሱ። ምክንያቱ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ሥር የታየ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ደም ነበር።

ቦታው ላሊበላ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርሁ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ የይለፍ ወረቀቴን በደረት ኪሴ ይዤ፣ ከወልድያ በጭነት መኪና ተጭኜ ከመጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

ደሙን ከእሳቸው በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ይህን ያረጋገጥሁት በማግሥቱ፣ አብረዋቸው ሊቀድሱ የነበሩትን ካህን ጠይቄ ነው። "የነበርንበት ቦታ ጨለም ያለ ነው፤ እሳቸው ባይናገሩ ማንም አያውቅም ነበር" አሉኝ። ሥርዓቱ ግን ግልጽ ነው፤ ደም የሚወጣው ካህን መቅደስ አይገባም። አባቴ እጃቸውን ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው አዩና፣ "እኔ ዛሬ አልችልም፤ እጄ ደምቷል" አሉ። ሌላ ካህን እስኪጠራ ድረስ ቅዳሴው ዘገየ። በሥራዬ ብዙ ኃላፊዎችን ጠይቄአለሁ። ማንም ሳያይበት የራሱን ጉድለት ራሱ የተናገረ ያጋጠመኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው አባቴ ናቸው።

ነገሩ የአንድ ቀን ቅዳሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አላወጣም ነበር። አባቴ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በትልልቅ በዓላት ሲቀድሱ ሁልጊዜ ሁለተኛው ካህን፣ ንፍቅ ነበሩ። በዚያ ዓመት ለልደት በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናው ቀዳሽ እንዲሆኑ ተመድበው ነበር። ለልደት ሃያ ሰባት ቀን ቀርቷል። እስከዚያ እጃቸው መድማቱን ካላቆመ ተራው ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል፤ አንዴ ካለፈ ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ ተመልሶ ስለመምጣቱ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

"አንቱ፣ ምነው? ቅዳሴ የለም እንዴ?"

"ቅዳሴ አለ። እኔ ነኝ የሌለሁት።"

እንዝርቷን አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች። መዳፋቸው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ የጣቶቻቸው መታጠፊያ ሁሉ ነቅቷል።

"ይህን ይዘው ነው እስከ ዛሬ ዝም ያሉት?"

"የምን ዝም! እየቀባሁ ነው እንጂ" አሉና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አወረዱ።

ጠርሙሱን አወቅሁት። በመስከረም ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የላክሁላቸው የእጅ ሎሽን ነው። ቀጭን፣ ውሃ የመሰለ፣ ሽታው የጽጌረዳ የሆነ። መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ሲያሹት መንጋጋቸው ጠበቅ አለ።

"ያቃጥላል?" አልኋቸው።

"ያቃጥላል። ሲያቃጥል ነው ሥራውን የሚሠራ።"

ይህ የእሳቸው ብቻ እምነት አልነበረም። እኛ ቤት ብርድ የመታው ሰው በአረቄ ይታሻል፤ ቆዳው ሲለበልበው "ያዘለት" ይባላል። እኔም ያደግሁት በዚያው ነው። ስለዚህ አባቴ ሎሽኑ ባቃጠላቸው ቁጥር እየዳኑ እንደሆነ ቆጥረው ጨምረው ይቀቡ ነበር።

"በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚቀቡት?"

"አራት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ይሄ ምንድን ነው? ቃለ መጠይቅ ነው?"

"ጋዜጣ ላይ ልታወጣዎት ነው!" አለች እናቴ።

"ታዲያ ፎቶ የምታነሣ ከሆነ ፊቴን ታንሣው፤ እጄ አላማረም።"

ሣቅን። ደብተሬን ግን አልከደንሁም። እጃቸውን የሚነካውን ነገር ሁሉ ጠይቄ ጻፍሁ። የገብስ ነዶ፤ አባቴ እንደ ሌላው የላስታ ካህን ገበሬም ናቸው፣ ወሩ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ነው። የጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ። የልብስ ሳሙና። ጠርሙሱ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ አጠገብ "አምና ነበረ?" ብዬ ጻፍሁ። ገብሱ አምናም ነበረ። ውርጩም ነበረ። ሳሙናውም ያው ነው። አምና ያልነበረው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ ደስ አላለኝም። ጠርሙሱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ፒያሳ ከአንድ ሱቅ የመረጥሁት ለሽታውና ክዳኑ ላይ ለተሣለው የሴት እጅ ነው። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ የማነብ ሰው፣ ከጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን አንድ ጊዜም አላነበብሁትም።

"ሎሽኑ ይመስለኛል" አልኋቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ የላከችው እንዴት ይጎዳኛል? ለጓደኛዬም እኮ አካፍያቸዋለሁ። የእሳቸውን እጅ ሄደሽ እይ።"

ጓደኛቸው ያው አብረዋቸው የሚቀድሱት ካህን ናቸው። ሄጄ አየሁ። መዳፋቸው ወፍራም ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም። ሎሽኑንም ያለማቋረጥ መቀባታቸውን በአፋቸው ነገሩኝ፤ "ልጃቸው የላከችላቸው መሆኑን ያልሰማ ካህን በዚህ ደብር የለም" ብለውም ጨመሩ። ማስረጃዬ ግማሹ ፈረሰ። አንድ ነገር ሁለት ሰው ተቀብቶት አንዱን ብቻ ከጎዳ፣ ጥፋቱ የነገሩ ነው ወይስ የሰውየው? ቤት ተመልሼ ያየሁትን እንዳየሁት ተናገርሁ።

እናቴ ግን ጥያቄው አላስቸገራትም። "የአባትሽ ቆዳ ሌላ ነው። አዲስ ጋቢ ከለበሱ አንገታቸው ሽፍ ይላል። በሠርጋችን ሰሞን ፀጉሬን አደስ በቅቤ ተቀብቼ ትከሻቸው ላይ ጋደም ብል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያኩ ከረሙ።"

"አንቺ! በልጅ ፊት!" አሉ አባቴ።

"ልጅቱ ናት መረጃ የምትፈልገው።"

መረጃውን ጻፍሁት። በዚያው ዕለት ምሳ ላይ ለአባቴ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ሎሽኑን በአንዱ እጃቸው ላይ ብቻ ለአምስት ቀን ያቁሙ፤ ሌላው እጅ እንደነበረው ይቀጥል። ሥራው፣ ውኃው፣ ብርዱ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

"የትኛውን ላቁም?"

"እርስዎ ይምረጡ።"

"ቀኙ መስቀል የሚይዝ ነው። አንዱ ይረፍ ከተባለ ቀኙ ይረፍ።"

ፈተናውን ያቀድሁት እኔ ብሆንም በትክክል የጠበቁት እሳቸው ናቸው። አንዱን እጅ ታጥበው ሌላውን አይተዉም። ነዶ ሲያነሡ በሁለቱም እኩል ነው። እናቴ አዝናላቸው ቀኙን በጋቢ ልትጠቀልል ስትል፣ "ግራውንም ጠቅልይው፤ አለዚያ ሁለቱንም ተይ" አሏት። በየጠዋቱ ፀሐይ በደጃፉ ስትገባ ወጥተው ሁለቱንም መዳፎች ይዘረጉልኛል፤ እኔ ስንጥቆቹን ቆጥሬ እጽፋለሁ። በዚያ ዓመት ስለ ምርት ዘመቻ በጋዜጣ የጻፍኋቸውን አኃዞች ሁሉ የሰጡኝ ሌሎች ነበሩ፤ አዝመራውን በዓይኔ አላየሁትም። የአባቴን እጅ ግን ራሴ ቆጥሬአለሁ።

በሦስተኛው ቀን የቀኝ እጃቸው ስንጥቆች ጠርዝ ለስለስ አለ። በአምስተኛው ቀን አውራ ጣታቸው ሥር የነበረው ተገጣጥሞ ደረቅ መስመር ብቻ ቀረ። በግራው ሁለት አዲስ ስንጥቆች ተከፍተዋል፤ መቋሚያቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ ደማ።

አባቴ ሁለቱን እጆቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

"የላክሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው። "ሳላነብ ነው የላክሁልዎት።"

ጠርሙሱን አንሥተው ሰጡኝ። "ታዲያ አሁን አንብቢው።"

ከጀርባው በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ነበር። መጀመሪያ ውኃ፣ ሁለተኛ ኤቲል አልኮል፣ ከዚያ ግሊሰሪን፣ መጨረሻ ላይ ሽቶ። ጠርሙሱን ይዤ፣ አባቴንም አስከትዬ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድሁ። እዚያ ያለው የጤና ረዳት ሥልጠናውን ጨርሶ የተመደበ የኮን ከተማ ሰው ነው፤ ቁም ነገሩንም ቀልዱንም በአንድ ድምፅ የሚናገር።

ዝርዝሩን አነበበና አንድ ጠብታ በመስኮቱ ድንጋይ ላይ አንጠባጠበ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ተመለከትን። ጠብታው ሰፋ፣ ሳሳ፣ አብዛኛው ጠፋ፤ የቀረው እንደ ወዝ ያለ ቀጭን ክብ ብቻ ነው።

"አዩ አባ፣ ይሄ አልኮል ከአረቄው ጋር አንድ ነው። አየር ሲነካው ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፣ የቆዳውን ወዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ከላይ ሁለተኛ መጻፉ ደግሞ ብዙ እንዳለበት ነው የሚናገረው። ዝርዝሩ የሚጻፍ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው።"

"ጓደኛዬንስ ለምን አልነካቸውም?"

"የእሳቸው ቆዳ ወዙን ቶሎ ይተካል። የእርስዎ አይተካም። በዚያ ላይ ሽቶው አለ፤ እርስዎ ደግሞ ሽቶ የማይስማማዎ ሰው ነዎት መሰለኝ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። "እናትሽ እዚህም መጥታ ነበር እንዴ?"

"ማቃጠሉስ?" አልሁት።

"ማቃጠሉ ቆዳው መከፈቱን ነው የሚናገር። መዳኑን አይደለም።"

አባቴ ጠብታው የጠፋበትን ድንጋይ በጣታቸው ዳሰሱ። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑትን ነገር በአንድ ቀትር መተው ቀላል አይደለም። ሲናገሩ ግን ያሉት፣ "እንግዲያው ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጄ ስከፍተው ኖሬአለሁ" ብቻ ነው። ማንንም አልወቀሱም፤ እኔንም።

የጤና ረዳቱ ከመሳቢያው ነጭ ብልቃጥ አወጣ። ሽታ የሌለው፣ ድፍን ያለ ነጭ ቅባት ነው። እኔ ከአሁን በኋላ ሳላነብ አላልፍም ብዬ ብልቃጡን አዞርሁት። ቫዝሊን። የፓራፊን ዘይት። ቀጥሎ፣ ሴቶስቴሪል አልኮል። ብልቃጡን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

"ይሄም አልኮል አለው።"

"አንቺ ማንበብ ከጀመርሽ ማን ያቆምሻል!"

"ተጽፏል እኮ።"

"ተጽፏል። ኬሚስቶቹ ለዚያም ለዚህም የሚሰጡት የወገን ስም ነው። ያኛው ፈሳሽ ነው፣ ይተናል። ይሄኛው ጠጣር ነው፤ እንደ ሰም ነው። አይተንም። ሥራው ቅባቱን ማወፈርና ቆዳውን ማለስለስ ነው።" ከብልቃጡ በጣቱ ቆንጥሮ ሎሽኑ በጠፋበት ድንጋይ ላይ ለጠፈው። ሌላ በሽተኛ አይቶ እስኪመለስ ድረስ ጠበቅን። ቅባቱ በቦታው ነበር።

"አሁንም አላምንህም" አልሁት።

"አትመኚኝ። ክንድሽ ላይ ሞክሪው። ከክርንሽ በስተ ውስጥ፣ የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ያህል ቦታ፣ ሁለት ቀን። አባም ይሞክሩ። ይሄም ቢሆን አልፎ አልፎ የማይስማማው ሰው አለ፤ ሳይሞከር እጅ ሙሉ አይቀባም።"

ስሙን ብቻ አይቼ ብልቃጡን ልመልሰው እንደነበር እዚህ መጻፍ አለብኝ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በቅጽ ላይ በተሞላ አንድ ቃል፣ አድኃሪ ወይም ተራማጅ ተብሎ፣ ይለይ ነበር፤ ልማዱ እኔም ላይ ሳይገባ አልቀረም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ቅባቱን አይታ፣ "ከዚህስ ቅቤ አይሻልም?" አለች። አባቴ ጾም ነው አሉ። የነቢያት ጾም እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ በጾም ቅቤ እጃቸውን አያስነኩም። ያ መንገድ የተዘጋው ከመጀመሪያው ነበር።

በክንዶቻችን ላይ የቀባነው የሚያሳየውን እየጠበቅን ሳለ አባቴ ሌላ ነገር አነሡ። ቅባቱ ቢስማማቸውም የደብሩን አለቃ ሳያስፈቅዱ እንደማይቀቡት ተናገሩ። አለቃው በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ንቁ የሆነ አባት ናቸው። አብረን ሄድን፤ አባቴ ብልቃጡን ፊታቸው አስቀመጡና ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩት ሊደብቁት ይችሉ የነበረውን ነው።

"አባታችን፣ በዚህ ላይ አልኮል የሚል ቃል ተጽፏል።"

"አረቄ ነው ወይስ ወይን?"

"ሐኪሙ ሁለቱም አይደለም ይላል።"

አለቃው ጣታቸውን ነክረው አሸተቱት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ቀስ አድርገው አሹት።

"ይሄማ የጧፍ ሰም ነው የሚመስል። የከብት ነገር አለበት?"

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። "ከምን እንደተሠራ ብልቃጡ አይናገርም፤ አላውቅም" አልኋቸው።

"አላውቅም ማለትሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ፣ "አይበላ፣ አይጠጣ። ለሕመም የተሠራ ነው፤ ለሕመም ይሁን። ለአገልግሎት ሲገቡ ግን በለብታ ውኃ ታጥበው፣ እጅዎ ባዶውን ይሁን" አሏቸው። ጨርሰን ልንወጣ ስንል ደግሞ ጠሯቸው። "ከልደት አራት ቀን አስቀድመው ይምጡና እጅዎን ያሳዩኝ። ከደማ ለሌላ ሰው እነግራለሁ።"

"ይንገሩ" አሉ አባቴ።

በሁለቱ ቀን የእኔም የእሳቸውም ክንድ አልቀላም፣ አላሳከከም። ታኅሣሥ አሥር ቀን መቀባት ጀመሩ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ታጥበው እርጥበቱ ሳይደርቅ። ነዶ ሲሸከሙ እጃቸውን በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀልላሉ። ሎሽኑን ለጓደኛቸው ሲሰጡ እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ እኔን ጎድቶኛል፣ እርስዎም ይጠንቀቁ ብለው ሁሉንም ነገሯቸው። ጓደኛቸው እጃቸውን ዘረጉ። "የእርስዎ ቆዳ የንጉሥ ነው፤ የእኔ የበሬ ነው። ወዲህ ይበሉት!"

ደብተሬ ውስጥ ያለው እንዲህ ይላል። ታኅሣሥ አሥራ አራት፣ ግራው ሲጨበጥ ጥቂት ደማ። ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፣ አልደማም። ታኅሣሥ አሥራ ስምንት፣ በውቂያ ምክንያት ቀኙ እንደገና ተሰነጠቀ፤ ደም የለም፣ ግን ያማል። ያን ቀን አባቴ ውቂያውን ለወንድማቸው ትተው ገቡ። ለእኔ ከባዱ ቀን እሱ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው ተቀብተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው ተኙ። ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ሁለቱም ተዘግተዋል።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አለቃው ደጅ ደረስን። አባቴ ቅባቱን አጥበው አስለቅቀው ነው የሄዱት፤ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር። አለቃው በዓይናቸው ስለማያምኑ ነጭ ጨርቅ አስመጡ። ጣት በጣት፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ እየጫኑ ጨርቁን አሳረፉበት። ከዚያ የራሳቸውን መቋሚያ ሰጧቸው።

"ይጨብጡ።"

አባቴ ጨበጡ።

"ይጥበቅ እንጂ! የሰው መቋሚያ ነው ብለው ፈሩ እንዴ?"

አጠበቁት፤ የጣቶቻቸው አንጓ ወጣ። አለቃው ጨርቁን መዳፋቸው ላይ አሳልፈው ለእኔ አቀበሉኝ። "የአንቺ ዓይን ይሻላል። ምን አለበት?"

ጨርቁን ወደ ፀሐዩ ይዤ ሁለቱንም ገጽ አየሁ። "ምንም የለበትም" አልሁ።

"እንደ ጋዜጠኛ ነው እንደ ልጅ?"

"እንደ ጋዜጠኛ።"

አባቴ በዚያ ጠዋት ወደ ቤት ሲመለሱ አካሄዳቸው የወትሮው ነው፤ አልፈጠኑም። እኔ ግን ከኋላቸው እየሄድሁ፣ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንሁ እንዲያውቁ ፈለግሁ። በሥራ ዘመኔ ስሜ በጋዜጣ ሲወጣ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከሩቅ ሁለቱንም እጆቻቸውን አነሡላት።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ንፍቁ ካህን ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ጠየቅኋቸው፤ ቅዳሴው ሳይቋረጥ ተፈጽሟል። ዋናው ቀዳሽ አባቴ ነበሩ።